የመጋዘኑ ቦታም ዋጋ ነው፦ በከተማ ዳር የእርሻ መሬት ላይ የእርሻ ንግድ ይፈቀድ?



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አልለጥፍም፤ እሱ እንደተለመደው ነገ ጠዋት ይወጣል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ የከረማችሁትን ነገር ረጋ ብለን እንማማርበት። ጥያቄው ይሄ ነው፦ "የዋግ ማርና ፍየል ሰቆጣ ላይ ያለው ዋጋ ወልድያና ኮምቦልቻ ሲደርስ ለምን ይህን ያህል ይራራቃል?"

"መንገዱ ነው" የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ምርቱ ከገበሬው እጅ ወጥቶ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ የሚያርፍበት፣ የሚጣራበት፣ የሚመዘንበት ቦታ ማጣቱ ነው። ቦታ ሲባል ደግሞ መሬት ነው። መሬት ሲባል ሕግ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ስለ ዋጋ ቢሆንም የምናወራው ስለ መሬት ነው።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

📌 ክፍል 1፦ ሰባት ሳምንት የታሸገው ማር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከዋግ ከተሞች በአንዷ ዳር (ስሟን አልጠራም) ከ23 ንብ አናቢዎች ማር ሰብስቤ ነበር። ግማሹን ዋጋ በእጅ ከፍያለሁ፤ ግማሹን "ማሩ ሲሸጥ" ብለን ተስማምተናል። ከተማው ውስጥ የተከራየሁት ክፍል ጠበበኝ። ማሳቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ የሚል አንድ ሽማግሌ አርሶ አደር ነበሩ። "አባቴ፣ ከማሳዎ ጥግ ላይ አንድ የቆርቆሮ ቤት ላቁም፤ ማሩን እዚያ ላጥራ፤ ኪራዩን ለእርስዎ እከፍላለሁ" አልኳቸው። "ልጄ፣ ጥጉ ጭንጫ ነው፣ ጤፍ አያበቅልም፤ ቁም" አሉኝ። በቃል ተስማማን። ወረቀት የለም፣ ፈቃድ አልጠየቅንም።

ቤቱ በቆመ በሦስተኛው ሳምንት "የእርሻ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ግንባታ" ተብሎ በሩ ታሸገ። ማሩ ውስጥ ነው። እኔ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ፣ አንዱ "ይሄ የከተማው ጉዳይ ነው" ሲለኝ ሌላው "የገጠር መሬት ነው" እያለኝ ሰባት ሳምንት አለፈ። ወቅቱ ደግሞ ፀሐይ ነው። መስኮት የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ማሸጊያው ተፈትቶ ስንገባ ነጩ ማር ነጭ አልነበረም። ናሙና ለገዥ ላክሁ፤ ላቦራቶሪ ገብቶ ወደቀ። በመጨረሻ ለጠጅ ቤት ሸጥኩት። ለ23ቱ ሰዎች የቀረውን ግማሽ ስከፍል ከራሴ ኪስ ነው፤ ለመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች ለመጨረስ ሁለት ዓመት ወሰደብኝ። ሽማግሌው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በእኔ ምክንያት የይዞታ ደብተራቸው አደጋ ላይ ነበር።

ያሸገው ሰው ክፉ አልነበረም። ከእሱ ወገን ሆኜ ሳየው፣ ዛሬ የማር ቤት ተብሎ የቆመ ቆርቆሮ ነገ ኪዮስክ፣ ከነገ ወዲያ መኖሪያ ቤት እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አይቷል። እኔም ፈቃድ አለመጠየቄ ጥፋቴ ነው። ግን እስከዛሬ የማልረሳው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ፈቃድ ብጠይቅስ ኖሮ ማን፣ በየትኛው ሕግ ይሰጠኝ ነበር?

📌 ክፍል 2፦ ከከተማው ዳር ሦስት ዓይነት መሬት አለ

ሰቆጣ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ሜዳ ጥቂት ነው። አስከተማም፣ አምደወርቅም ብትሄዱ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ የምታገኙት መሬት በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፣ በከተማው ክልል ውስጥ የገባው። ይሄ የሚተዳደረው በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721/2004) ነው። እዚህ መጋዘን መሥራት ይቻላል፤ ግን ጨረታ አለ፣ ሊዝ አለ፣ የግንባታ ደረጃ አለ። ለ23 ንብ አናቢ ማኅበር አይቀመስም።

ሁለተኛ፣ አርሶ አደሩ ደብተር የያዘበት የእርሻ መሬት። ይሄ ለከተማው ቅርብ ነው፣ መንገድ አለው፣ ባለቤቱም ማከራየት ይፈልጋል። ግን የተሰጠው "ለግብርና" ነው።

ሦስተኛ፣ የወልና የተከለለው መሬት። በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራና በየዓመቱ በበጋ በሚደረገው የተፋሰስ ዘመቻ እርከን የተሠራለት፣ ከብት የማይገባበት ተራራ። ዋግ ውስጥ ከሁሉም በላይ ዓይን የሚስበው ለውጥ ይሄ ነው፤ ራቁቱን የነበረ ገደል ዛሬ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሷል። ንቡ የሚቀስመው አበባም እዚያው ነው።

የእኛ ንግድ የሚፈልገው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። ሕጉ በግልጽ መጋዘን የሚፈቅደው ግን አንደኛውን ነው። ችግሩ ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

📌 ክፍል 3፦ ሕጉ ምን ይላል?

ጠበቃ አይደለሁም፤ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባውን ያህል ነው የምነግራችሁ።

የሁሉ መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ለ19 ዓመት የሠራው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ መብትን ሲተረጉም አርሶ አደሩ መሬቱን ለግብርናና ለተፈጥሮ ሀብት ልማት የመጠቀም፣ የማከራየት፣ ለቤተሰቡ የማውረስ መብት አለው ይላል፤ በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ያፈራውን ንብረትም መሸጥ ይችላል። ያው አዋጅ ባለይዞታው ከባለሀብት ጋር በጋራ ማልማት እንዲችል በር ከፍቶ ነበር። በ2016 ይህን አዋጅ የተካው አዲስ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቷል። በክልላችን ደግሞ የተሻሻለው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ። የመጠቀም መብትን በዋስትና አስይዞ መበደር የሚለው ሐሳብ በእነዚህ አዳዲሶቹ ሕጎች ቦታ አግኝቷል።

እንግዲህ "ለግብርና" የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ማር መቁረጥ ግብርና ነው፤ ማር ማጣራትስ? ፍየል ማርባት ግብርና ነው፤ ከሌላ ገበሬ የተገዛ ፍየል ለ45 ቀን ማድለብስ? ባቄላ ማምረት ግብርና ነው፤ የአስር ጎረቤት ባቄላ አበጥሮ ማከማቸትስ? ሰው ሁሉ እንደየስሜቱ ይመልሳል። ወረዳ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ግን በስሜት መፈረም አይችልም፤ ግልጽ መስመር ከሌለው "አይቻልም" ማለት ለእሱ የሚቀለው መልስ ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ስለ ተዳፋት መሬት ግን ሕጉ ብዥታ አልነበረውም። የ1997ቱ አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ ይሁን ይላል። ከ31 እስከ 60 በመቶ ከሆነ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ተሠርቶ ነው። ዋግ ላይ ይሄ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም፤ የመሬታችን ትልቁ ክፍል ተዳፋት ነው።

አንድ ተጨማሪ ሕግ ያዙልኝ። ከተማው አድጎ ማሳውን ሲወስድ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከገጠር መሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ያገኛል። ከዚያ በፊት የነበረው (455/1997) የ5 ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ስሌቱ የሚነሳው ከገቢ ነው። ገቢው ያልተጻፈ ገበሬ ለመከራከር የሚይዘው ነገር የለውም። ያለ ፈቃድ የቆመ ቤት ደግሞ በካሳ ጊዜ አያስከፍልም። ስለዚህ በቃል ስምምነት የሚሠራ የማር ቤት ለነጋዴውም ለገበሬውም ሁለቴ ኪሳራ ነው፤ ሲሠራ ስጋት፣ ሲነሳ ባዶ እጅ።

📌 ክፍል 4፦ ስሌቱን እንሥራው

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለትምህርት የተወሰዱ ናቸው፤ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። እባካችሁ ቆርጣችሁ "ቻናሉ እንዲህ አለ" ብላችሁ ገበያ ላይ እንዳትወጡ።

1 ኩንታል ያልተጣራ ማር፣ ኪሎው 400 ብር ቢሸጥ 40,000 ብር ነው። ያው ኩንታል ቢጣራ 75 ኪሎ ንጹሕ ማር በ600 ብር 45,000፤ 8 ኪሎ ሰም በ500 ብር 4,000፤ ድምር 49,000። ልዩነቱ 9,000 ነው። ለሠራተኛና ለጀሪካን 2,500 ቀንሱ፤ በኩንታል 6,500 ብር ይተርፋል። በወቅቱ 10 ኩንታል የሚሰበስብ ማኅበር ማር በማጣራቱ ብቻ 65,000 ብር ተጨማሪ ያገኛል።

አሁን ቦታውን እናስገባ።

ሀ) ከተማ ውስጥ ክፍል ቢከራይ፦ በወር 8,000 ለ4 ወር 32,000፤ ከማሳ ወደ ከተማ ማመላለሻ 6,000። ከ65,000 የሚቀረው 27,000 ነው።

ለ) በማሳው ጥግ በ90,000 ብር ቤት ቢሠራና 6 ዓመት ቢያገለግል፦ በዓመት 15,000 ይደርስበታል። የሚቀረው 50,000 ነው። በ6 ዓመት ከኪራዩ በ138,000 ብር ይበልጣል።

ሐ) ቤቱ ተሠርቶ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ቢፈርስ፦ 65,000 ሲቀነስ 90,000፤ 25,000 ኪሳራ። ከኪራዩ ጋር ሲነጻጸር በ52,000 ያንሳል።

መ) ያው ቤት ተነቃይ ቢሆን፣ ቆርቆሮውና እንጨቱ ተፈትቶ ግማሽ ዋጋውን (45,000) ቢያወጣ፦ ኪሳራው ቀርቶ 20,000 ትርፍ ይሆናል። ከኪራዩ የሚያንሰው በ7,000 ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንድ፦ ንግዱን የሚገድለው የቤቱ ወጪ አይደለም፣ የኪራዩም ዋጋ አይደለም፤ "ነገ ይፈርስ ይሆን?" የሚለው ስጋት ነው። ሁለት፦ ተነቃይ ቤት መሬቱን ብቻ ሳይሆን ነጋዴውንም ይጠብቃል። የመሬት ጠባቂውና የነጋዴው ፍላጎት የሚገናኙበት ነጥብ ይሄ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

📌 ክፍል 5፦ ምርት በምርት

ማር። ዋናው ቆረጣ ከክረምት መውጫ ጀምሮ እስከ ኅዳር ነው። ለውጭ ገበያ የምትልኩ እንደምታውቁት ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ሌላው መለኪያ ኤችኤምኤፍ የሚባለው ነው፤ ማር ሲሞቅና ሲቆይ የሚጨምር ነገር ነው። ጣሪያው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃታማ አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ነው። የኔን ማር የጣለው ይሄው ነው። እንግዲህ የማር ቤት ጥላ፣ ነፋስና ቀዝቀዝ ያለ ግድግዳ ካለው ጥራቱ ተጠብቆ ዋጋው ይቆያል። ጥራት ቀፎው ላይ ይወለዳል፤ የሚሞተው መጋዘን ውስጥ ነው።

ፍየል። የአበርገሌ ፍየል በዘር ስሙ የሚታወቅ ነው። የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚልኩት ሥጋ ቀለል ያለ ወጣት ወንድ ይፈልጋሉ። የኛ ፍየል ግን ቀናትን በእግሩ ተጉዞ፣ ውሃ ጠምቶት፣ ኪሎው ወርዶ ገበያ ይገባል። ሻጩ ማደሪያ በረት ስለሌለው ማታ ይዞ መመለስ አይችልም፤ ደላላው ይህን ያውቃል፣ ዋጋውን ከሰዓት በኋላ ይጥላል። ከገበያው አጠገብ ውሃ፣ ድርቆሽና አጥር ያለው በረት ቢኖር የመደራደር አቅም ይሆናል።

ይህ በድርቅ ዓመት ነፍስ ነው። በ2015 እና በ2016 አበርገሌ፣ ሰሃላ ሰየምትና ዝቋላ ላይ የሆነውን አይታችኋል። ገበያው እንዴት እንደሚገለበጥ በምሳሌ፦ በደህና ዓመት አንድ ፍየል 5,000፣ አንድ ኩንታል ማሽላ 5,000 ቢሆን አንድ ፍየል አንድ ኩንታል ይገዛል። ሲደርቅ ፍየሉ 3,500፣ ማሽላው 7,000 ቢሆን ያው ፍየል ግማሽ ኩንታል ብቻ ይገዛል። ፍየሉ አንድ ሆኖ ሳለ የቤተሰቡ እህል ግን በግማሽ ወረደ። መኖ ያከማቸ በረትና እህል ያከማቸ ማኅበር ቅርብ ቢኖር ያ ልዩነት ይጠባል። ለዚህ ነው ይህ ጉዳይ የነጋዴ ምቾት ብቻ አይደለም የምላችሁ።

አሳ። ከተከዜ ግድብ በኋላ ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ወጣቶች አሉ። አሳ በረዶና ጥላ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነው። ይሄ ቤት የሚያስፈልገው ውሃው አጠገብ ስለሆነ ጉዳዩ የዳር መሬት ጉዳይ ነው።

ጥራጥሬና ቅባት እህል። ከደጋው ባቄላና ገብስ፣ ከቆላው ሰሊጥና ማሾ። ማበጠሪያና ደረቅ ወለል ካለ ቆሻሻው እዚሁ ይቀራል፤ ከሌለ አፈሩንና ገለባውን የመኪና ኪራይ ከፍለን ወደ ኮምቦልቻ እንጭናለን።

📌 ክፍል 6፦ የተከለለው ተራራስ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተከለለው መሬት ተራራ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ላብ ነው። ሰው በየዓመቱ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው እርከን ነው። ሆኖም ዝም ብሎ "አትግቡ" የተባለ መሬት ጠባቂ አይኖረውም። ጥቅም የሚያገኝበት ሰው ካለ ግን ራሱ ዘብ ይሆናል።

የዋግ ልምድ ራሱ መንገዱን ያሳየናል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው በተከለለ ተፋሰስ ውስጥ ቀፎ ሲያስቀምጡ፣ ሣሩም በቀበሌው ደንብ ታጭዶ በሸክም ሲወጣ ተራራው አልተጎዳም፤ እንዲያውም እሳትና ልቅ ግጦሽ የሚከለክል ዓይን አገኘ። እዚያ የሚፈቀደው መሬቱን የማይቆፍር፣ ዛፍ የማይቆርጥ ሥራ ነው፦ ቀፎ፣ ሣር፣ ዘር መልቀም። ማጣሪያው፣ ሚዛኑና መኪና የሚቆምበት ቦታ ግን ከተራራው በታች ይሁን። ቀፎ ላይ፣ መጋዘን ታች፤ ይህን መስመር ካልጠበቅን ነገ መንገድ ይቆረጣል፣ ከነገ ወዲያ ከሰል ይከሰላል።

📌 ክፍል 7፦ የሚፈሩት ሰዎች ትክክል የሆኑበት ነጥብ

"ይፈቀድ" የምንል ሰዎች ሌላኛውን ወገን ካልሰማን ተዓማኒነት አይኖረንም።

የመጀመሪያው ፍርሃት የተደበቀ ሽያጭ ነው። "የማር ቤት ኪራይ" የሚል ወረቀት ተጽፎ ከሥሩ መሬቱ ሲሸጥ አይተናል። ገበሬው አንዴ ገንዘብ ይቀበላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በራሱ ማሳ ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። አንዴ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ዋልካ ተመልሶ ጤፍ አያበቅልም። ሜዳ በሞላበት አገር አንድ ሄክታር ምንም ላይመስል ይችላል፤ ዋግ ላይ ግን የአንድ ቀበሌ ደህና ማሳ ነው።

ሦስተኛው ግጭት ነው። የከተማ ዳር መሬት አያያዝ ሲበላሽ የሚመጣውን አገራችን አይታዋለች። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነስቶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ በጥር 2008 ቀረ። የፖለቲካውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼ ለእኛ የሚሆነውን ትምህርት ብቻ ልውሰድ፦ ገበሬው ያልተጠየቀበትና ድርሻው ያልተጻፈበት የዳር መሬት ዕቅድ ለማንም አይበጅም።

አራተኛ፣ "መንግሥት ለዚህ ፓርክ ሠርቷል" የሚሉ አሉ። የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች ቡሬ፣ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ላይ ታቅደው ተገንብተዋል፤ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ደግሞ ምርት እንዲመግቧቸው ታስበዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን የዋግ ንብ አናቢ ለምዕራብ ጎጃሙ ቡሬ ቅርብ አይደለም። ትልቅ ፋብሪካ የሚቆመው ከሥሩ ትናንሽ መሰብሰቢያ ሲኖር ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው 250 ሄክታር ሳይሆን 250 ካሬ ሜትር ነው።

📌 ክፍል 8፦ ሌሎች እንዴት አደረጉት?

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት በፈረንጆች 1973 የእርሻ መሬቷን ከከተማ መስፋፋት ለመጠበቅ ከለለች፤ ዛሬ ከ4.5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። ግን ገበሬውን "ምርትህን ከተማ ሄደህ አቀነባብር" አላለችውም። በተከለለው መሬት ላይ ማቀነባበር ይፈቀዳል፤ ቅድመ ሁኔታው ከሚቀነባበረው የእርሻ ምርት ቢያንስ 50 በመቶው ከዚያው እርሻ ወይም እርሻው አባል ከሆነበት ማኅበር የመጣ መሆኑ ነው። የሌላ ሰው ምርት ጭምር የሚሸጥበት የእርሻ ሱቅም ከ300 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቁጥር ስላለው ባለሙያው በስሜት አይፈርድም፤ ይለካል።

ጣሊያን በ1985 ባወጣችው ሕግ ገበሬው በእርሻው ላይ እንግዳ እንዲያሳድርና ምርቱን እንዲያቀርብ ፈቀደች፤ ግን ዋናው ሥራ እርሻ ሆኖ ይህ ተከታይ መሆን አለበት።

እንግሊዝ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ አሮጌ የእርሻ መጋዘን በተወሰነ ሁኔታ ያለ ሙሉ የፕላን ፈቃድ መኖሪያ ቤት እንዲሆን ፈቀደች። ለመኖሪያ እጥረታቸው መልስ ይሆናቸው ይሆናል፤ ለኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በሩ ወደ መኖሪያ ቤት ከተከፈተ የእርሻ ንግድ በቤት ዋጋ ይሸነፋል።

📌 ክፍል 9፦ የኔ ሐሳብ

ይፈቀድ ባይ ነኝ፤ ግን በእነዚህ ሰባት መስመሮች፦

1. ከሚሰበሰበው ምርት ቢያንስ ግማሹ ከባለይዞታው፣ ከጎረቤቶቹ ወይም ከማኅበሩ አባላት የመጣ ይሁን። መዝገቡ ይታይ።
2. ስፋቱ በካሬ ሜትር ይወሰን። ለአንድ ማኅበር 200 እና 300 በቂ ነው።
3. ቤቱ ተነቃይ ይሁን። ሲሚንቶ ማር ለሚጣራበትና ለሚታጠብ ወለል ብቻ።
4. ቦታው ጭንጫ ወይም ዝቅተኛ ለምነት ያለው ጥግ ይሁን፤ ዋልካና መስኖ የሚገባው መሬት አይነካ። የተከለለው ተራራ ላይ ደግሞ ቀፎና ሣር ብቻ።
5. ባለይዞታው ባለይዞታ ሆኖ ይቀጥል። ኪራዩ በዓመት በዓመት ይከፈል እንጂ አንዴ አይጠቃለል። የሚስትም ፊርማ ይኑርበት።
6. መኖሪያ፣ መጠጥ ቤትና ሸቀጥ ሱቅ አይፈቀድ። ሥራው ለሁለት ወቅት ከቆመ ቤቱ ይነሳ፣ መሬቱ ይታረስ።
7. የገጠር መሬት ቢሮውና ከተማው በአንድ ቅጽ ይፈርሙ፤ መልሱም በቀን ይገደብ። ማሬን ያበላሸው ሙቀት ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ቢሮ መካከል መቅረቱ ነው።

📌 ክፍል 10፦ እስከዚያ ድረስ እኛስ?

ገበሬዎችና ማኅበራት፦ የሸጣችሁትን ጻፉ። ቀን፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ የገዥ ስም። ለብድርም፣ ለካሳም፣ ለፈቃድም የመጀመሪያው ማስረጃ ይሄ ነው። ከተማው ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ፕላኑን ጠይቁ፤ የካሳ አዋጁ ባለይዞታዎች እንደ ፕላኑ በግል ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ የሚያገኙበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ተደራጅቶ የጠየቀ ነው የሚያገኘው።

ዩኒየኖች፦ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ መሰብሰቢያ ምረጡና ከመገንባታችሁ በፊት ማመልከቻውን ከመሬቱ ካርታ ጋር በጽሑፍ አስገቡ። "አይቻልም" ከተባለ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አሥር ማኅበር አሥር የጽሑፍ መልስ ይዞ ክልል ሲቀርብ ጩኸት ሳይሆን ጥናት ይሆናል።

ነጋዴዎች፦ በቃል አትከራዩ። እኔን እዩ። መሬት ባይኖራችሁም ዕቃችሁ ዋስትና ይሆናል፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ (ቁጥር 1147/2011) ሰብልና እንስሳት ጭምር ለብድር መያዣ መሆን ይችላሉ። ባንካችሁን ጠይቁ።

ላኪዎች፦ የምትገዙት ኩንታል ብቻ አይደለም፤ ያ ኩንታል ያደረበትን ቤት ጭምር ነው። ማር ስትገዙ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። ጥላ ያለው ቤት ላዘጋጀ ማኅበር በኪሎ ጥቂት ብር ጨምሩ፤ ያ ጭማሪ ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ያስተምራል።

ከሽማግሌው ጋር አሁንም እንገናኛለን። ባለፈው ገበያ አግኝቼያቸው ያንን ነገር አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ጥጉ አሁንም ጭንጫ ነው፤ ጤፍ አላበቀለም፣ ማርም አልያዘም" አሉኝ። ደብተራቸው ተርፏል፤ ማስጠንቀቂያው ግን በፋይላቸው ውስጥ አለ። ያ ጥግ ለ23 ቤተሰብ ገቢ መሆን ይችል ነበር። ዛሬም ይችላል፤ በሥርዓት የሚፈቅድ አንድ ገጽ ደንብ ነው የጎደለው።

ይህን ጽሑፍ ለማኅበር ሊቀመንበሮቻችሁና ለወረዳ ባለሙያዎች አጋሩ። በየአካባቢያችሁ ፈቃድ ያገኘ መሰብሰቢያ ካለ እንዴት እንዳገኘ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስም ሳልጠቅስ ለሁሉም አካፍላለሁ።

የነገው ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት። መልካም ግብይት!